ጽጌረዳችሁ ማሰሮው ጠቦታል? እንዲህ ቀይሩለት

በረንዳዬ ላይ ያለችው ቀይ ጽጌረዳ ከእናቴ ግቢ የመጣች ናት። ቤቱን ስንለቅ ከዕቃው ሁሉ ቀድማ መኪና ላይ የወጣችው እሷ ነበረች። እናቴ እስከ አዲሱ ቤት ድረስ በጭኗ ይዛት መጣች። ኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ዓመት እንደ ጉድ አበበች። በሦስተኛው ዓመት ነገሩ ተለወጠ። ጠዋት አጠጥቻት እወጣለሁ፤ ማታ ስመለስ ጠውልጋ አገኛታለሁ። የታችኛው ቅጠል ቢጫ እየሆነ ይረግፋል። ድሮ የቡና ስኒ አፍ የሚሞላው አበባዋ አንሶ አንሶ የአውራ ጣቴን ጫፍ አከለ። ማዳበሪያ ጨመርኩላት። ባሰባት።

አንድ እሑድ ጎረቤታችን ቡና ሊጠጡ መጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ተክል ሲንከባከቡ የኖሩ አባት ናቸው። ስኒያቸውን አስቀምጠው ማሰሮዋን ዘንበል አደረጉና ከታች አዩ። በቀዳዳዎቹ በኩል ሥሩ እንደ ጺም ተንዠርግጎ ወጥቷል። «ልጄ፣ አልራባትም እኮ» አሉኝ። «ቤቷ ነው የጠበባት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የራሴንም የዘመድ ወዳጁንም ጽጌረዳ ማሰሮ ስቀይር ቆይቻለሁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እኔ የተሳሳትኩት ቦታ ላይ ነው። ቅጠሉን እያየን ማዳበሪያ እንገዛለን፤ ችግሩ ግን ያለው የማናየው ቦታ፣ ሥሩ ላይ ነው። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው በአብዛኛው ስለ ሥር ነው።

በእርግጥ ጠቦታል ወይ?

ቢጫ ቅጠል ብቻውን ማስረጃ አይደለም። ውኃ የበዛበት ተክልም ቢጫ ይሆናል። ቅጠሉን ገልብጣችሁ እዩት። ከሥሩ አቧራ የመሰለ ነገርና ስስ ድር ካለ ተባይ ነው፤ እሱን መጀመሪያ አጽዱ። ማሰሮው እንደጠበበ የምታውቁት ብዙ ምልክት አንድ ላይ ሲመጣ ነው።

ውኃ ስታፈሱ አፈሩ ሳይጠጣው በጎን በኩል ወርዶ ወዲያው ከታች ይወጣል። ወይም ደግሞ ላይ ቁጭ ብሎ አልወርድም ይላል። ሥር በቀዳዳው ይወጣል፤ አንዳንዴም አፈሩ ላይ ተጋድሞ ይታያል። ጠዋት የጠጣ ተክል ከሰዓት በኋላ ይጠወልጋል። ፕላስቲክ ከሆነ ማሰሮው ጎኑ ያብጣል፣ ሸክላ ከሆነ ይሰነጠቃል።

እርግጠኛ ለመሆን ግንዱን ከሥር ያዙና ማሰሮውን በጎኑ አጋድማችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። አፈሩ ሳይፈርስ የማሰሮውን ቅርጽ እንደያዘ ሙልጭ ብሎ ከወጣ፣ ዙሪያውም በሥር ከተጠመጠመ፣ ጊዜው ደርሷል። አፈሩ ከተበተነና ሥሩ ትንሽ ከሆነ መልሳችሁ አስገቡት፤ ችግሩ ሌላ ነው። በጤና የሚያድግ ጽጌረዳ ብዙውን ጊዜ በየ2 እና 3 ዓመቱ ይህ ሥራ ያስፈልገዋል።

መቼ?

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የበጋው ፀሐይ ይጠብሳል፣ አየሩም ደረቅ ነው። ሥሩ የተነካ ተክል ደግሞ እንደ ልቡ መጠጣት አይችልም። ቅጠሉ በላይ ውኃ እያጣ ሥሩ ከታች መተካት ሲያቅተው ይደርቃል። በዚህ ምክንያት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባትነኩት ይሻላል።

እኔ የምመርጠው ሰኔ መግቢያን ነው። ደመናው ይመጣል፣ አየሩ ይረጥባል፣ ፀሐዩ ይለዝባል፣ አፈሩ ግን ገና አልቀዘቀዘም። ሐምሌና ነሐሴ ግን ዝናብ የሚገባበት በረንዳ ላይ ጥሩ አይደሉም። የተቆረጠ ሥር በቀዝቃዛና በጨቀየ አፈር ውስጥ ይበሰብሳል። ሰኔ ካመለጣችሁ ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ያለው ሳምንት ሁለተኛው ምርጫ ነው፤ «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚያሰኘው ብርድ ሳይገባ።

ውጭ ለምትኖሩ ወቅቱ ይለያል። አሜሪካና አውሮፓ ብርዱ ሊያልቅ ሲል፣ እምቡጥ ቅጠሉ ሳይፈታ፣ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ወይም ማርች ላይ ነው የሚሠራው። እስራኤል ጃንዋሪ ጥሩ ነው። ገልፍ ያላችሁ ሙቀቱ እስኪሰበር ጠብቁ፤ ኖቬምበር ይሁን።

ቀኑ ደመናማ ቢሆን ይመረጣል። ካልሆነ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ጀምሩ፤ ተክሉ ሙሉ ሌሊት ያርፋል።

ማሰሮው

ሰው ሁሉ የሚያደርገው አንድ ስሕተት አለ። «እንግዲህ ከቀየርኩ አይቀር» ብሎ ከትንሽ ማሰሮ ወደ በርሜል መዝለል። ሥር ያልደረሰበት አፈር ውኃውን የሚመጥለት የለም። ለቀናት ረጥቦ ይቆያል፣ ይጎመዝዛል፣ በመጨረሻ ሥሩን ያበሰብሳል። አዲሱ ማሰሮ ከአሮጌው በአፉ ስፋት 5 ሴንቲ ሜትር፣ ቢበዛ 8 ሴንቲ ሜትር ይብለጥ። ይህ ማለት ዙሪያውን 1 ወይም 2 ጣት የሚያህል አዲስ አፈር ይገባል ማለት ነው። ይበቃዋል። ጽጌረዳ ሥሩን ወደ ታች መስደድ ስለሚወድ ግን ከሰፊ ይልቅ ጠለቅ ያለውን ምረጡ።

ሸክላ ይተነፍሳል፤ ውኃ አብዝቶ ማጠጣት ለሚወድ ሰው እሱ ይሻለዋል። ነገር ግን ቶሎ ይደርቃል። ፕላስቲክ ቀላል ነው፣ እርጥበትም ይይዛል። የቀለም ባልዲም በደንብ ከታጠበ ይሆናል። የሲሚንቶው ያምራል፣ ዕድሜም አለው፣ ግን ፎቅ ላይ ለምትኖሩ አልመክረውም። ክብደቱን አስቡት። 30 ሊትር የሚይዝ ማሰሮ በእርጥብ አፈር ሲሞላ 40 ኪሎ ግራም አካባቢ ይመዝናል፤ የማሰሮው የራሱ ክብደት ሳይቆጠር። ሊፍት በሌለበት ሕንፃ ባዶውን ማሰሮና አፈሩን ለየብቻ አውጡ፤ ሥራውን እዚያው በረንዳው ላይ ሥሩት።

ቀዳዳ የግድ ነው። ባልዲ ከሆነ ከታች 5 ወይም 6 ቀዳዳ ብሱለት፤ እያንዳንዱ ትንሹ ጣታችሁን የሚያስገባ ይሁን። ወፍራም ሚስማር በፒንሳ ይዛችሁ እሳት ላይ ማጋል ፕላስቲኩን ሳይሰነጥቅ ይበሳል። በር ክፈቱ፤ ጭሱ መጥፎ ነው።

ያገለገለ ማሰሮ ከሆነ በሳሙና እጠቡት። ከዚያ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውኃ በጥብጣችሁ ለቅለቅ አድርጉትና በንጹሕ ውኃ አለቅልቁት። በድሮው ማሰሮ የሞተው ተክል በምን እንደሞተ አናውቅም።

አፈሩ ላይ ቆም እንበል

ለዚህ ሥራ ብር ካላችሁ አፈሩ ላይ አውጡት። ጥቁር አፈር፣ ያ ክረምት የሚያጣብቅ በጋ የሚሰነጠቀው፣ ለማሰሮ አይሆንም። ሲረጥብ ያብጣል፣ አየር ይዘጋል። ሲደርቅ ይሸማቀቅና ጥቃቅኑን ሥር ይበጥሳል። ቀይ አፈር ይሻላል፤ እሱም ግን ብቻውን ማሰሮ ውስጥ ሲቆይ እንደ ጡብ ይጠጥራል።

እኔ የምቀላቅለው እንዲህ ነው፦ 2 እጅ ቀይ አፈር፣ 1 እጅ የበሰለ ኮምፖስት፣ 1 እጅ ደግሞ ሬድ አሽ። ሬድ አሽ ያ ለግንባታ የሚያመጡት ቀይ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ከሽንብራ ፍሬ የማይበልጠውን አበጥሩና አቧራውን በውኃ እጠቡለት። በቀዳዳዎቹ ውስጥ ውኃም አየርም ይይዛል፤ ለዓመታትም አይፈርስም። ካላገኛችሁ ሻካራ የወንዝ አሸዋ ተኩበት። ግንባታ ቦታ ተርፎ ሲሚንቶ የነካውን አሸዋ ግን አታምጡ፤ አፈሩን ያበላሸዋል።

መለኪያው ሚዛን ሳይሆን እጅ ነው። ድብልቁን በትንሹ አርጥቡና ጭብጥ አድርጉት። እጃችሁን ስትከፍቱ ቅርጹን መያዝ አለበት። በጣት ነካ ስታደርጉት ደግሞ መፈርፈር አለበት። እንደ ጭቃ ተጣብቆ ከቀረ ሬድ አሽ ጨምሩ። ጭራሽ አልጨበጥ ካለ ኮምፖስት ጨምሩ።

ስለ ፍግ አንድ ነገር ልበል፤ ዋጋ ያስከፈለኝ ነገር ነው። ከጽጌረዳዋ በፊት የነበረኝን ነጭ አበባ ያጣሁት በትኩስ ፍግ ነው። የምጠቅመው መስሎኝ ከከብት ቤት የመጣ ፍግ ከሥሩ ሞላሁት። በ10 ቀን ውስጥ የቅጠሉ ዳር እንደተቃጠለ ወረቀት ቡናማ ሆነ። ትኩስ ፍግ ሲበሰብስ አሞኒያ ያወጣል፣ ጨውም አለው፤ የተቆረጠ ሥር ይህንን አይችልም። ነጭ ትልም ይዞ ይመጣል። የበሰለ ፍግ ጥቁር ነው፣ ይፈረፈራል፣ የከብት ሽታ የለውም። ሽታው ከዝናብ በኋላ እንዳለ የጫካ አፈር ነው። ሽታው ገና ከሆነ ለጥቂት ወራት ሸፍናችሁ አቆዩት።

የቡና አተላና የእንቁላል ቅርፊትስ? ሁለቱም መጥፎ አይደሉም፤ ቦታቸው ግን የኮምፖስት ክምር ነው። አተላው ማሰሮው ላይ በብዛት ሲፈስ ይጋግርና ውኃ ያግዳል፣ ይሻግታልም። የእንቁላል ቅርፊት ደግሞ ለመበስበስ ረጅም ጊዜ ይፈጃል። ዘንድሮ አድርጋችሁት ዘንድሮ አትጠብቁ።

ከታች ጠጠር ማድረግ? እናቶቻችንም አድርገውታል፣ እኔም ለዓመታት አድርጌዋለሁ። ውኃውን የሚያንጠፈጥፍ ይመስላል። አይደለም። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ውኃ አጠጡና በጀርባው ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ያዙት። መንጠባጠቡን ሲያቆም በጠባቡ ጎኑ አቁሙት። እንደገና ውኃ ይወርዳል። ቁመት ሲጨምር ውኃው በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ ቁመት ሲያንስ ግን ከታች ታቁሮ ይቀራል። ጠጠር ስትጨምሩ የአፈሩን ቁመት ነው የምትቀንሱት። ያ የረጠበው ክፍልም ከማሰሮው ወለል ተነስቶ ወደ ሥሩ ይጠጋል። ስለዚህ ጠጠሩን ተዉትና ቀዳዳው ላይ አፈር እንዳይወርድ ብቻ የአሮጌ አጎበር ቁራጭ ወይም ጎበጥ ያለ የሸክላ ስባሪ አድርጉበት።

በዋዜማው

ሥራው ከመጀመሩ አንድ ቀን በፊት ተክሉን ጥግብ አድርጋችሁ አጠጡት። የጠጣ ሥር ይለጠጣል፣ የደረቀ ሥር ይሰበራል።

በዚያው ቀን ወይም በነጋታው ጠዋት ግረዙት። አበባም እምቡጥም ካለው ቆርጣችሁ ስኒ ላይ አስቀምጡት፤ በዚህ ሳምንት አበባ መሸከም አይችልም። የደረቀውን፣ ቀጭኑን፣ እርስ በርሱ የሚፋተገውን ቅርንጫፍ አውጡ። የቀረውን ከቁመቱ 1/3 ያህል አሳጥሩት። መቀሱ ወደ ውጭ የሚያይ ቡቃያ ካለበት ከ5 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ሰያፍ አድርጎ ይቁረጥ። ያን ጊዜ አዲሱ ቅርንጫፍ ወደ ውጭ ያድጋል፤ መሐሉ አየር ያገኛል። መቀሱን አስቀድማችሁ በአልኮል ጥረጉት።

የገዛችሁት ጽጌረዳ የተዳቀለ፣ ማለትም የአንዱ ጽጌረዳ ቅርንጫፍ በሌላው ሥር ላይ የተጋጠመ፣ ሊሆን ይችላል። ከግንዱ ሥር እንደ ጉብታ ያለች ቋጠሮ ካያችሁ ሁለቱ የተጋጠሙባት ቦታ ናት። ከሷ በታች የሚወጣው ቀንበጥ የእናንተ አበባ አይደለም። ከመነሻው ላይ ነቅላችሁ ጣሉት፤ ካልሆነ ዋናውን ውጦ ይቀራል።

ማውጣት

ወፍራም ጓንት አድርጉ። ቅርንጫፎቹን በአሮጌ ፎጣ ወይም በብርድ ልብስ ቁራጭ ጠቅልላችሁ በገመድ ላላ አድርጋችሁ እሰሩ። እሾሁ እናንተንም አይወጋም፣ ቅርንጫፉም አይሰበርም። መሬት ላይ ማዳበሪያ ጆንያ አንጥፉ።

ማሰሮውን በጎኑ አጋድሙ። ፕላስቲክ ከሆነ ዙሪያውን በመዳፋችሁ እየተጫናችሁ አንከባሉት። ሸክላ ወይም ሲሚንቶ ከሆነ ረጅም ቢላዋ በውስጥ ግድግዳው ላይ አዙሩ። ከዚያ ከግንዱ ሥር ያዙና ቀስ እያላችሁ ሳቡ። አትጎትቱ። እምቢ ካለ ከታች በቀዳዳው በኩል በእንጨት ግፉት። ጀሪካን ወይም ቆርቆሮ ከሆነ ለሥሩ ብላችሁ ጀሪካኑን ቅደዱት። ጀሪካን ይተካል።

ሥሩ

የኔዋ ስትወጣ ያየሁትን አልረሳውም። አፈር የሚባል ነገር አልነበረም። ነጩና ቡናማው ሥር እንደ ሰፌድ አለላ ዙሪያውን ተጠምጥሞ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየዞረ፣ የማሰሮውን ወለል ቅርጽ ይዞ ከታች ክብ ምንጣፍ ሠርቷል። የቀዳዳዎቹ ምልክት ሳይቀር ይታያል። ይህች ተክል ለወራት መንገድ ስትፈልግ ግድግዳ እየገፋት ዞራለች። የዱር ዘመዷ ቀጋ ደጋ ላይ በአጥር ጥግና በድንጋያማ ተዳፋት ላይ ሥሩን እንደ ልቡ ሰዶ ይኖራል። እኛ ከ10 ሊትር ባልዲ ውስጥ ይህን ሁሉ አበባ ስንጠይቃት ነበር።

እንዲህ የተጠመጠመ ሥር ሳይነካ ወደ ትልቅ ማሰሮ ቢገባ መዞሩን ይቀጥላል። አዲሱ አፈር አጠገቡ እያለ አይገባበትም። ስለዚህ መቆረጥ አለበት። ይህ ነው ሰው የሚፈራው። እኔም መቀሱን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። እናቴ ማየት አቅቷት ወደ ውስጥ ገባች። ጎረቤታችን ጋሼ ግን «አትፍሪ፣ ቁረጪው፤ ሥር ከተቆረጠበት ነው የሚያቆጠቁጠው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሥር ሲቆረጥ ከተቆረጠበት ጀርባ ብዙ ቀጫጭን አዳዲስ ሥሮች ይወጣሉ። ውኃና ምግብ በደንብ የሚስቡት እነዚያ ቀጫጭኖቹ ናቸው።

አቆራረጡ ይህ ነው። በመጀመሪያ ከታች የተነጠፈውን ክብ ምንጣፍ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አድርጋችሁ በንጹሕ ቢላዋ ወይም መጋዝ ግመሱት። ቀጥሎ ጎኑን ከላይ እስከ ታች በ4 ቦታ ሰንጥቁት፤ ጥልቀቱ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን። ከዚያ በጣታችሁ ወይም በሹካ ዙሪያውን አፍታቱት፣ የፀጉር ቋጠሮ እንደምትፈቱ። የተንጠለጠለውን አሳጥሩት። መሐል ያለውን ጠንካራ እምብርት አትንኩት።

መቁረጡ ላይ እያንዳንዱን ሥር እዩ። ጤነኛው ሲቆረጥ ውስጡ ነጭ ወይም ክሬም ነው፣ ጠንከር ይላል። የበሰበሰው ቡናማ ወይም ጥቁር ነው፤ በጣት ስትጨብጡት ቆዳው እንደ ካልሲ ይወልቅና ቀጭን ክር ይቀራል። ይሸታልም። እሱን ጤነኛው እስክትደርሱ ድረስ ቁረጡ፤ በየመሐሉ መቀሱን በአልኮል ጥረጉ።

ማሰሮ መጨመር የማትፈልጉ፣ ቦታው ይኸው ነው የምትሉ፣ ያንኑ ማሰሮ መጠቀም ትችላላችሁ። ያን ጊዜ ግን ከዙሪያውም ከታችም የሥሩን ኳስ 1/4 ያህል አንሱና ክፍተቱን በአዲስ አፈር ሙሉት። የላይ ቅርንጫፉም በዚያው ልክ ይቀነስ። ከታች የሚጠጣው ሲቀንስ ከላይ የሚያልበው መቀነስ አለበት።

ይህን ሁሉ በፍጥነት ሥሩ። ስልክ ቢጠራ አታንሱ። እርጥብ ሥር ፀሐይና ንፋስ ላይ ከቆየ ጥቃቅኑ በደቂቃዎች ይደርቃል። የግድ ማቆም ካለባችሁ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑት።

መትከል

ቀዳዳው ላይ አጎበሩን አድርጉ። ከታች አፈር ሙሉና መሐሉን ትንሽ ከፍ አድርጉት። ተክሉን አስቀምጡና ቁመቱን ለኩ። በአሮጌው ማሰሮ አፈሩ ግንዱ ላይ የደረሰበት መስመር ይታያል፤ በአዲሱም እዚያው ይድረስ። የአፈሩ ገጽ ከማሰሮው አፍ 4 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፣ ለውኃ ማቆሪያ። እስከ አፉ የሞላችሁት እንደሆነ በየጊዜው ጭቃ ወደ ጎረቤት በረንዳ ይፈሳል።

ዙሪያውን ጥቂት በጥቂት አፈር ጨምሩ። በየጊዜው በቀጭን እንጨት ቀስ እያላችሁ ወጋ ወጋ አድርጉት፤ በሥሮቹ መሐል ባዶ አየር እንዳይቀር ነው። በቡጢ አትጠቅጥቁ። ያን ሁሉ የለፋንበትን አየር መልሳችሁ ማውጣት ነው።

አሁን ውኃ። ቀስ ብላችሁ ከታች እስኪወጣ አጠጡ። 10 ደቂቃ ጠብቁና ድገሙት። አፈሩ ዝቅ ካለ ጨምሩበት። ሳህን ከሥሩ ካለ የተጠራቀመውን ውኃ ድፉት።

የመጀመሪያው ወር

ለ7 እስከ 10 ቀን ብርሃን ያለበት ጥላ ላይ አስቀምጡት። ፎቅ ላይ ከፀሐዩ ይልቅ ንፋሱ ይጎዳል፤ ግድግዳ ተጠግቶ ይቀመጥ። ከዚያ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያደረጋችሁ ወደ ፀሐይ መልሱት። በመጨረሻ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ይፈልጋል።

ማዳበሪያ የለም። ደግሜ ልበለው፦ ለ4 እስከ 6 ሳምንት ማዳበሪያ የለም። ኮምፖስቱ ይበቃዋል።

ውኃ በሰዓት ሳይሆን በጣት ነው። ሁለተኛው የጣት አንጓችሁ ድረስ አፈሩ ውስጥ አስገቡ። ደረቅ ከሆነ አጠጡ፤ እርጥብ ከሆነ ተዉት። ማሰሮ የቀየረ ተክል ጠወለገ ብላችሁ በየሰዓቱ አታጠጡት። የጠወለገው ውኃ አጥቶ ሳይሆን መጠጫው ገና ስላላደገ ነው። ይልቅ ጥላውን ጨምሩለት።

ጥቂት ቅጠል ይረግፋል። አትደንግጡ። ሁሉም ከረገፈ ግንዱን በጥፍራችሁ ጫር አድርጉ። ከቆዳው ሥር አረንጓዴ ካለ በሕይወት አለ። ቡናማና ደረቅ ከሆነ ወደ ታች ወርዳችሁ ሞክሩ።

የኔዋ ለ2 ሳምንት ዝም አለች። በ19ኛው ቀን ጠዋት እናቴ ከበረንዳው ጮክ ብላ ጠራችኝ። ሮጬ ስወጣ ጣቷን ወደ አንዱ ቅርንጫፍ ቀስራለች። የክብሪት ራስ የምታህል ቀይ ነጥብ። የብዙ ጽጌረዳ ለጋ ቅጠል መጀመሪያ ሲወጣ እንደ ወይን ጠጅ ቀይ ነው፤ አረንጓዴ የሚሆነው በኋላ ነው። ያንን ቀይ ስታዩ ሥሩ ይዟል ማለት ነው።

ጽጌረዳ ላልሆኑት

አካሄዱ ለብዙ ቁጥቋጦ ይሠራል፣ ለሁሉም ግን አይደለም። ጤና አዳም ሥሩ ሲነካ አይወድም፤ ሳትቆርጡ ከነአፈሩ ወደ አዲሱ አስተላልፉት። የጥብስ ቅጠል ደረቅ አፈር ይወዳል፤ ሬድ አሹን በእጥፍ ጨምሩና ኮምፖስቱን ቀንሱ። ቡጋንቪላ ሥሩ በጣም ተሰባሪ ስለሆነ አትነቅንቁት፣ አታፍታቱት፤ የሸክላ ዕቃ እንደምትይዙ ያዙት። የቡና ችግኝ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ዋና ሥር አለው። እሱ ከታጠፈ ተክሉ ዕድሜውን ሙሉ አያገግምም፤ ስለዚህ ጥልቅ ማሰሮ ስጡትና ሥሩን ቀጥ አድርጋችሁ ትከሉት።

የመጨረሻው ሥራ ትንሽ ነው። የተከላችሁበትን ቀን በማርከር ማሰሮው ጎን ላይ ጻፉ። በ2 ዓመት ውስጥ ይረሳል፤ «መቼ ነበር?» እያላችሁ ከመከራከር ያድናል። የኔ ማሰሮ ላይ አሁን ሦስት ቀን ተጽፏል። የመጀመሪያው በእናቴ እጅ ጽሑፍ ነው።